ፊኛዬ ከበሮ የተማረ ጊዜ

ከቤተ ክርስቲያናችን ክዳን ላይ ወድቄ ከተጎዳሁ በኋላ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ እግሬ ነበር። እግሬማ ከብዙ ወር መተኛት በኋላ እያነከሰም ቢሆን ተመለሰ፤ ደግሞስ ለእኛ ለደብተራዎች መቋሚያ ተደግፎ መቆም ማዕረግ እንጂ ነውር አይደለም። ማንም ያልጠየቀኝ፣ እኔም ያልተናገርኩት ስለ ሽንቴ ነው። አከርካሪዬ ሲጎዳ ፊኛዬ ጌታውን ረሳ። ሲሞላ አይነግረኝም፤ ልሽና ብዬ ስቆም እምቢ ይላል፤ ሲያሻው ደግሞ እንግዳ ፊት ሱሪዬን ያርሰዋል።

እኔ የደብራችን ከበሮ መቺ ነበርኩ። ጣልያን ከወጣ ወዲህ ታቦቱ በነገሠ ቁጥር ያንን ትልቅ ከበሮ ከእኔ በቀር ማንም በአንገቱ አንጠልጥሎት አያውቅም። የነፍስ አባቴ «ደዌ ኃጢአት አይደለም፤ ና ግባ» ቢሉኝም፣ በታቦት ፊት ሱሪዬን ከማረጥብ ብቀር ይሻላል ብዬ ከቅጥሩ ውጭ ቀረሁ። በእኔ ምትክ የገባው ሰውዬ ምቱን ሲያበላሽ ከግንቡ ማዶ ሆኜ እሰማለሁ፤ ያን ጊዜ ሕመሜን ረስቼ በንዴት እንጨረጨራለሁ።

ሆስፒታል ሽንቴን የሚያወጡልኝ በጎማ ቱቦ ነበር። ቱቦው ያሳርፋል፤ ሲደጋገም ግን ትኩሳት ያመጣል። እዚያ ድሬሰር የሚሉት አንድ የሐኪም ረዳት ነበር፤ የአምባ ጊዮርጊስ ሰው፣ በጦርነቱ ጊዜ ቁስለኛ በማከም ሥራውን የጀመረ፣ ሲስቅ ግቢው ሁሉ የሚሰማው። አንድ ቀን አልጋዬ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ።

«አያ ደብተራ፣ ከራስዎ ወደ ፊኛዎ የሚወርደው የነርቭ መንገድ ተጎድቷል። ታች ወገብዎ ላይ ያለው ግን አልሞተም፤ ተኝቶ ነው። እንቀስቅሰው» አለኝ።

«በምን?»

«በጣት።»

ከእምብርቴ በታች፣ ከአጥንቱ ከፍ ብሎ ያለውን ቦታ አሳየኝ። በጣት ጫፍ እየቆጠሩ መታ መታ ማድረግ፣ ማቆም፣ መጠበቅ፣ እንደገና መታ መታ፤ በየሦስት ሰዓቱ። ቆዳው ሲመታ ነርቩ ይሰማል፣ ነርቩም ፊኛውን ያዝዘዋል አለ። ያሾፈብኝ መስሎኝ ተቆጣሁ። ስንት ዓመት ዜማ የተማረ ሰው ሆዱን እየደበደበ ሽንቱን ይለምናል?

ለመንኩት እንጂ! ቱቦውን አስይዘው ወደ ቤቴ ሰደዱኝና ሁለት ሳምንት ሙሉ ጓሮዬ ውስጥ ከጌሾው ሥር እየቆምኩ መታሁ፣ አቆምኩ፣ ጠበቅሁ። ጠብታ የለም፤ መጨረሻው ያው ቱቦው ነው። ሚስቴ በጓሮ በር ብቅ እያለች «ምነው፣ ዛሬም የሚከፍትልዎ ጠፋ?» ትለኛለች። ፌዟ ያናድደኛል፤ ያለ ፌዟ ግን ያን ጊዜ አላልፈውም ነበር።

አንድ ጠዋት ሰለቸኝና ድሬሰሩ ያዘዘኝን ቆጠራ ተውኩት። ጣቶቼም የሚያውቁትን መምታት ጀመሩ። መጀመሪያ መረግዱን፣ ዝግ ብለው፣ ረገጥ እያደረጉ፤ ቀጥሎ ጽፋቱን፣ እየፈጠኑ፣ እየደራረቡ። ጽፋቱ ላይ ስደርስ ከሆዴ በታች የሆነ ነገር ጭምድድ አለና ውሃው መጣ። ጠብታ እንዳይመስላችሁ፤ ወረደ!

ጮኽሁ። ሚስቴ የወደቅሁ መስሏት እየሮጠች መጣች፤ ጉዱን ስታይ ግን እልልታዋን ለቀቀችው። በእኛ ሰፈር በጠዋት ከቤት እልልታ ከተሰማ ልጅ ተወልዷል ማለት ነው፤ ወንድ ይሁን ሴት የሚታወቀውም በእልልታው ቁጥር ነው። የእሷ ግን ቁጥር አልነበረውም። ጎረቤቱ ሁሉ አጥሩ ላይ ተንጠልጥሎ «ወንድ ነው ሴት?» ይላል።

«ባሌ ሸና!» አለቻቸው፣ ቅንጣት ሳታፍር።

መደበቂያዬ ጌሾው ብቻ ነበር። እውነቱን ልናገር፣ በዕድሜዬ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ከዚያ ወዲያ ድሬሰሩ ከሸናሁ በኋላ ቱቦ እያስገባ ፊኛዬ ውስጥ የቀረውን ይለካ ጀመር። የሚቀረው ከሳምንት ሳምንት እያነሰ ሄደና ቱቦው ራሱ ቀረ። ሱሪዬም ደረቅ ሆኖ መዋል ጀመረ። የጥር ንግሥ ሲቃረብ መሪጌታው «ከበሮው ባለቤቱን ይፈልጋል» ብለው ላኩብኝ። እሺ አልኩ።

ንግሡ ሁለት ቀን ሲቀረው እጄን ላፍታታ ብዬ ከበሮውን አስመጣሁና ቤቴ ውስጥ በአንገቴ አንጠለጠልኩት። መረግዱን ጨረስኩ፤ ጽፋቱን ጀመርኩ፤ ሱሪዬ ራሰ። ለካ ከበሮው ሲንጠለጠል የሚያርፈው እዚያው ጣቴ የሚመታበት ቦታ ላይ ነው። ነርቬን ያስተማርኩትም የዚያኑ የከበሮውን ምት! ሌላ በሽተኛ ቢሆን እንደታዘዘው አንድ ሁለት ብሎ ቆጥሮ በዳነ። ከበሮዬን ታቅፌ አለቀስኩ።

በማግስቱ በበቅሎ ሆስፒታል ወርጄ በድሬሰሩ ላይ ጮኽሁበት። እሱ ዕንባው እስኪወርድ ሳቀ።

«ይሄማ የምሥራች ነው፣ አያ ደብተራ! ነርቩ ነቅቷል ማለት ነው። ባዶ እንስራ ምን ይፈሳል? ከቤት ሲወጡ ባዶ ያድርጉት። ከበሮውና ሆድዎ እንዳይነካኩ ደግሞ መላ ይፈልጉ።»

መላውን ያገኘችው ሚስቴ ናት። ጥጥ የጠቀጠቀችበት ትንሽ ትራስ ሰፍታ ከመቀነቴ ሥር ሆዴ ላይ አሰረችልኝና ራቅ ብላ አየችኝ። «ይኸው አረገዙ፤ ጎረቤቱን አልዋሸሁም» አለች። የንግሡ ዕለት ጌሾው ሥር ደርሼ ስወጣ ግን ፌዙን ትታ እጄን ያዘች። «ደረቅ ከሆኑ መቋሚያዎን ከፍ ያድርጉልኝ። ከሴቶቹ መካከል ቆሜ አያለሁ።»

ታቦቱ ወጣ። ከበሮው አንገቴ ላይ ገባ፤ እጄ አልረሳም። አንደኛው ዙር፣ ሁለተኛው ዙር። ሦስተኛው ላይ ጽፋቱ ጋለ፤ ከበሮው ትራሱን ይደልቃል፣ ካህናቱ ይዘላሉ፣ አቧራው ይጨሳል። አፌ ያዜማል፣ ልቤ ሱሪዬ ጋ ነው።

ታቦቱ ወደ መንበሩ ሲመለስ ከበሮውን አወረድኩና በነጠላዬ ውስጥ እጄን አሾልኬ ዳሰስኩ። ደረቅ ነው። እንደገና ዳሰስኩ። ደረቅ። መቋሚያዬን ክንዴ እስከሚደርስበት ከፍ አደረግሁት።

ከሴቶቹ መካከል ያቺ የማውቃት እልልታ ተነሣች፤ ሌሎቹም ተቀበሏት፤ ቅጥሩ በእልልታ ተሞላ። ሁሉም ለታቦቱ መስሏቸዋል። ለታቦቱም ነበር፤ ግን እግዚአብሔር ይቅር ይበለን፣ ግማሹ ለደረቅ ሱሪዬ ነው።