የተጨበጨበለት ገንዘብ

ደራሲ ገንዘቡን እንዴት ነው የሚያገኘው ብለው የሚጠይቁኝ ሰዎች አሉ። ስሜ በመጽሐፍ ሽፋን ላይ ስለታተመ ብቻ የሆነ ቦታ የተከመረ ብር ያለኝ ይመስላቸዋል። ስለዚህ ለባለፈው መጽሐፌ የተከፈለኝ ገንዘብ ከየት መጥቶ፣ በማን እጅ አልፎ እንደደረሰኝ እናገራለሁ። ሳስታውሰው ያቅለሸልሸኛል፤ ግን ሆዴ ውስጥ ከሚቀመጥ ወረቀት ላይ ቢቀመጥ ይሻላል።

በእኛ አገር አሳታሚ ማለት ብዙውን ጊዜ ደራሲው ራሱ ነው። ጽፈህ ስትጨርስ በርህን አንኳኩቶ «እስቲ እናሳትምልህ» የሚል የለም። ረቂቅህን በፍላሽ ይዘህ ማተሚያ ቤት ትሄዳለህ፤ ማተሚያ ቤቱ ዋጋ ይነግርሃል፤ አንተ ደግሞ ቤትህ ገብተህ የሚሸጥ ዕቃ ትፈልጋለህ። እኔ የሚሸጥ ነገር አልነበረኝም። ባለቤቴ ግን እቁብ ነበራት።

ባለቤቴ ልብስ ሰፊ ናት። የምንኖረው ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። የተማሪ ዩኒፎርም የምትሰፋው ሳሎናችን ውስጥ ስለሆነ ሶፋው ላይ ለመቀመጥ መጀመሪያ ጨርቅ ማንሳት ያስፈልጋል። ደንበኞቿ ደረጃውን ወጥተው ሲደርሱ እያለከለኩ «አንቺ ሰማይ ቤት ነው እንዴ የምትኖሪው?» ይሏታል። ግማሾቹ ተመልሰው አይመጡም። እቁቡ ሲወጣላት ከብሎካችን ሥር፣ ግራውንድ ላይ ያለችውን ጠባብ ሱቅ ልትከራይ አስባ ነበር። ባለሱቁ የስድስት ወር ቅድሚያ ይፈልጋል። እሷም ለዚያ ስትል ልጆቹን ሁሉ አዲስ ጫማ ከልክላ ነው እቁቧን የጣለችው።

ማተሚያ ቤቱ ደግሞ «ወረቀት በየቀኑ እየጨመረ ነው፤ ሙሉውን ካላስገባህ ዋጋውን አንይዝልህም» አለኝ። ይህንን ለባለቤቴ የነገርኳት እንዲሁ ለማማረር ነበር። እሷ ግን መቀሱን አስቀመጠች። መጽሐፉ ስለ ድሮዋ ልደታ ነው፤ ኮንዶሚኒየሙ ከመሠራቱ በፊት እዚሁ ስለነበሩት የጭቃ ቤቶችና የጋራ ግቢዎች። እሷም ከእነዚያ ግቢዎች በአንዱ ነው ያደገችው። «መጽሐፉ ይቅደም፤ ሱቋ እግር የላትም፣ የትም አትሄድም» አለችኝ። በዚያው ሳምንት የወጣላትን የእቁብ ብር በማግስቱ ማተሚያ ቤት አስገባሁት።

መጽሐፉ ሲወጣ ለአከፋፋይ አስረከብኩ። ደንቡ እንዲህ ነው፦ ከሽፋኑ ዋጋ ላይ ደህና ቁራጭ ለእሱ ይነሳል፤ የቀረው ለደራሲው የሚከፈለው መጽሐፉ ሲሸጥ ነው፤ መሸጡን የሚያውቀው ደግሞ እሱ ብቻ ነው። አንድ ቀን ሱቁ ውስጥ ቆሜ ሽያጩ እንዴት ነው ብዬ ስጠይቀው አንዲት ሴትዮ ገባች። የእኔን መጽሐፍ አነሳች፣ ከፈለች፣ ወጣች። ሰውየው ብሩን መሳቢያው ውስጥ ከተተና ወደ እኔ ዞሮ «ገና ነው ባክህ፣ አልተንቀሳቀሰም» አለኝ። ፊቱ ላይ ቅንጣት እፍረት አልነበረም። አያያዙን አይተው ጭብጦውን ቀሙት እንደሚባለው፣ ትሕትናዬን አይቶ ነው መሰለኝ።

ወዳጆቼ ይህን ስነግራቸው ሳቁብኝ። «አንተ ደግሞ፣ ደራሲ ከሱቅ ምን ያገኛል? ምርቃት አድርግ እንጂ» አሉኝ። ምርቃት ማለታቸው አዳራሽ ተይዞ፣ ሰው ተጠርቶ፣ የመጀመሪያው ቅጂ ለጨረታ የሚቀርብበትን ዝግጅት ነው። ይህ ጨረታ ለቤተ ክርስቲያን ማሠሪያ ከሚደረገው የተቀዳ ነው። እዚያ ጃንጥላና ምንጣፍ ይጫረታሉ፣ እዚህ ደራሲ። ለቤተ ክርስቲያን የተጫረተ ሰው ግን ቃሉን ቢበላ እግዚአብሔርን ይፈራል። ለመጽሐፍ የተጫረተ ማንን ይፈራል?

ጨረታውን ያሸነፈው ሰንጋ ተራ ትልቅ ቢሮ ያለው የሴራሚክ አስመጪ ነው። እኔ አላውቀውም፤ ሰው ይዞት የመጣ እንግዳ ነበር። አጫራቹ ማይክ ይዞ እየተንጎራደደ «ለደራሲያችን! ለባህላችን!» እያለ ዋጋውን ሲሰቅለው፣ ሰውየው ከመቀመጫው ሳይነሳ እጁን ብቻ አወጣ። የጠራው ብር የባለቤቴን እቁብ የሚሸፍን፣ እንዲያውም ትንሽ የሚተርፍ ነበር። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ባለቤቴ እልል አለች። እሷ በሠርጋችን ቀን እንኳ እልል ያላለች ሴት ናት።

ሰውየው መጽሐፉን አስፈርሞኝ፣ አቅፎኝ፣ ፎቶ ተነስቶ ሄደ። ብሩን አልከፈለም። እኛ ዘንድ ደግሞ የተጨበጨበለትን ሰው «እዚሁ ክፈል» ማለት ነውር ነው። ስሕተታችን የጀመረው እዚህ ላይ ነው፤ ጭብጨባውን ስንሰማ ገንዘቡ የገባ መሰለን። ባለቤቴ በማግስቱ ጠዋት ወርዳ ባለሱቁን «እስከ ወሩ መጨረሻ ያዝልኝ፣ ብሩ ደርሷል» አለችው።

ከዚያ ሰንጋ ተራ መመላለስ ጀመርኩ። ከልደታ በእግር ሩቅ አይደለም። መጀመሪያ አካባቢ እየተዝናናሁ ነበር የምሄደው፤ በኋላ የሰውየውን ሕንፃ ከሩቅ ሳየው እርምጃዬን እቀንስ ጀመር። እንግዳ ተቀባይዋ ልጅ «ስብሰባ ላይ ናቸው ጋሼ» ትለኛለች፤ እኔም በቆዳ ሶፋቸው ላይ እየተንሸራተትኩ እቀመጣለሁ። ፊት ለፊቴ ባለው መደርደሪያ ላይ በመስታወት ውስጥ ዋንጫዎችና የምስክር ወረቀቶች ተደርድረዋል። የእኔም መጽሐፍ ሪባኑን እንደታሰረ ከዋንጫዎቹ መሐል ቆሟል። ማንም እንዳልገለጠው ያስታውቃል። አንድ ቀን ሰውየው ወደ መኪናው ሲወጣ አገኘኝና ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ «ወንድሜ፣ የረሳሁት መሰለህ? ቃል ቃል ነው። ልጆቹ ይደውሉልሃል» አለኝ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። ባለሱቁ በበኩሉ ባለቤቴን «እህቴ፣ የሞባይል ጠጋኝ እየጠየቀኝ ነው» ማለት ጀምሯል።

ግን ደወሉ። አንዲት ትሑት ድምፅ ያላት ልጅ «ጋሼ፣ ሐሙስ ርክክብ አለን፤ ከባለቤትዎ ጋር ይምጡ። ቢቻል ቀለል ያለ ልብስ ይልበሱ» አለችኝ። ቀለል ያለ ያለችው ለምን እንደሆነ አልገባኝም። ባለቤቴ ግን አልሰማችኝም፤ የእኔን ሱፍ ስትተኩስ አረፈደች፣ የእሷንም የክት ቀሚስ አወጣች።

ስንደርስ በአዳራሹ ግድግዳ ላይ ትልቅ ባነር ተሰቅሏል። «ወገን ለወገን» ይላል፤ ከሥሩ የድርጅቱ ምልክትና የሰውየው ፎቶ አለ። ወንበሮቹ ላይ ዓይናቸው የማያይ አንዲት እናት፣ ክራንች የያዘ ወጣት፣ ሕፃን ያቀፈች ሴት ተቀምጠዋል። ከእነሱ ቀጥሎ ሁለት ባዶ ወንበር። የደወለችልኝን ልጅ ጠራኋትና «የእኔ የመጽሐፍ ሽያጭ ነው እኮ፣ ዕርዳታ አይደለም» አልኳት።

«አውቃለሁ ጋሼ። ለሒሳብ ክፍሉ እንዲመች በአንድ ላይ አድርገነው ነው። ያው ነው።»

ያው አልነበረም። እነዚያ ሰዎች ችግራቸውን ይዘው ነው የመጡት፤ የሚያሳፍር ነገር የለውም። እኔ የመጣሁት የሸጥኩትን ዕቃ ዋጋ ልቀበል ነው። ልወጣ አስቤ ባለቤቴን አየኋት። እሷ ባነሩን አንብባ ጨርሳ መሬት መሬት እያየች ነበር። «እንሂድ?» አልኳት። «ባለሱቁ ዛሬ ማታ ነው ቀጠሮው» አለችኝ። ተቀመጥኩ።

ተራዬ ሲደርስ ሰውየው ማይኩን ይዞ «ደራሲዎቻችን እንዲህ ተቸግረው እያየን ዝም ማለት የለብንም» አለ። ፖስታውን ሲዘረጋልኝ ቪዲዮ የሚቀርጸው ልጅ ካሜራውን አስተካከለና «ጋሼ፣ ይቅርታ፣ እንደገና እናድርገው። በሁለት እጅዎ፣ ጎንበስ ብለው» አለኝ። ፖስታውን መለስኩለት። ሰውየው እንደገና ሰጠኝ። እንደገና ጎንበስ ብዬ ተቀበልኩ። ከዚያ በፊት ብዙ ነገር አስጠልቶኛል፤ የራሴ ወገብ ሲያስጠላኝ ግን የመጀመሪያዬ ነው።

ደረጃው ላይ ሆነን ፖስታውን ከፈትነው። ግማሹ ነበር። ለልጅቷ ስደውል «የቀረው በሁለተኛው ዙር ይካተታል ጋሼ» አለችኝ። ሁለተኛው ዙር መቼ እንደሆነ ግን እሷም አታውቅም። ባለሱቁ ያንን ግማሽ ተቀብሎ ለቀሪው የአንድ ሳምንት ጊዜ ሰጠን። ካለዚያ ሱቋን ለሞባይል ጠጋኙ እንደሚሰጥ ነገረን።

ቪዲዮው በሁለተኛው ቀን ሰፈራችን ደረሰ። የብሎካችን ዘበኛ ሲያየኝ ብድግ ብሎ «አይዞህ ጋሼ፣ ያልፋል» አለኝ። ሥጋ ቤቱ ግማሽ ኪሎ አዝዤው መርቆ መርቆ ወደ አንድ ኪሎ አስጠጋው፤ ሒሳቡን ስከፍለው ዓይኔን ማየት አልቻለም። በታክሲ ውስጥ አንድ ወጣት ለጓደኛው ስልኩን እያሳየ «ጀለሴ፣ ሰውዬው እሱ አይደል?» ሲል ሰማሁት። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ። ስጽፍ የኖርኩት ዘመን ሁሉ ያላስገኘልኝን ታዋቂነት አንድ ጎንበስ ማለት አስገኘልኝ። ሰዎቹ ክፉዎች አልነበሩም፤ እሱ ነው ይበልጥ የሚያንገበግበኝ። ቢሳደቡ መልስ አላጣም ነበር።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በራችን ተንኳኳ። የእድራችን ሰብሳቢ ናቸው። ሁላችንም እማማ የምንላቸው፣ ነጠላቸውን እንዳጣፉ ከልደታ ማርያም በቀጥታ የመጡ ትልቅ ሴት። ሁለት ጎረቤቶች ተከትለዋቸዋል። ባለቤቴ ሶፋው ላይ ያለውን ጨርቅ አንስታ አስቀመጠቻቸው። ስለ ልጆቹ ጠየቁ፣ ስለ ጤናችን ጠየቁ፣ ስለ ውኃ መጥፋት ተነጋገርን። ከዚያ እማማ ከነጠላቸው ሥር ፖስታ አወጡና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

«ልጆቼ፣ ተቸግራችሁ ሳትነግሩን ቀርታችሁ ባዕድ ዘንድ መሄዳችሁ አሳዝኖናል። እኛ ምን አለን? ከየቤቱ ትንሽ ትንሽ አዋጥተናል» አሉ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ፖስታውን ወደ እሳቸው ገፋሁት። ያኔ ባለቤቴ ተነሳችና ወደ ጓዳ ገባች። ስትመለስ ክንዷ ሙሉ መጽሐፍ ታቅፋለች። ጠረጴዛው ላይ ከፖስታው አጠገብ ደረደረቻቸው።

«እማማ፣ ዕርዳታ አንቀበልም፤ መጽሐፍ እንሸጣለን። ያዋጣ ሰው ሁሉ አንድ አንድ ይውሰድ።»

እማማ መጽሐፉን አንስተው ሽፋኑን በመዳፋቸው ጠረግ ጠረግ አደረጉት። ፊታቸው ፈካ አለ። «ይህንንማ አንብቤው የለ! ልጄ ነው ስልኬ ላይ የጫነልኝ፤ ገጹን አንድ በአንድ ፎቶ አንስተው በቴሌግራም የሚላላኩት አለ አሉ። ያንን የግቢያችንን ቧንቧ ነገር ሳነብ አልቅሻለሁ ደግሞ። ብሎኩ ሁሉ ነው ያነበበው» አሉ። ይህን ያሉት ደስ እንዲለኝ ነው። ሁለቱም ጎረቤቶች ራሳቸውን ነቀነቁ፤ አንደኛው እንዲያውም መጨረሻው ትንሽ እንዳጠረበት ነገረኝ።

ባለቤቴ አልተናደደችም። ፖስታውን ከጠረጴዛው ላይ አነሳች።

«ካነበባችሁትማ ይህ ዕርዳታ አይደለም እማማ። ዕዳችሁን ነው ያመጣችሁልን። እግዜር ይስጥልን» አለችና ፖስታውን ከዩኒፎርሙ ጨርቅ ሥር፣ የስፌት ብሯን በምታስቀምጥበት ቆርቆሮ ውስጥ ከተተችው።

ጎረቤቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። እማማ መጽሐፉን ጭናቸው ላይ አድርገው ቆዩና ቀስ ብለው ወደ ባለቤቴ ዞሩ።

«እንዲያማ ከሆነ ሦስተኛ ፎቅ ያሉት አላዋጡም» አሉ። «እነሱም አንብበውታል።»