ሽምግልና በበረዶ ሜዳ

ይህ ነገር የደረሰው ባለፈው ዓመት በጥቅምት ወር ነው። አገር ቤት ሳለሁ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሠራተኛ አስተዳደር ኃላፊ ሆኜ አገልግዬ በክብር በጡረታ ተሰናብቻለሁ። አሁን የምኖረው በውጭ አገር፣ ኮሎምበስ በተባለ ከተማ ውስጥ ኢስትሙር ሠፈር፣ ልጄ ዘንድ ነው። ደንብ ያውቃል እየተባለ አንድ ሰው በተቸገረ ቁጥር የምጠራው እኔ ነኝ፤ እምቢ ማለትም አልችልበትም። ብዙ ጉዳይ አይቻለሁ፤ እንዲህ ያደከመኝ ግን የለም።

የጠሩኝ እዚያው አቅራቢያችን ዋይትሆል የሚኖሩት ወይዘሮ አልማዝ ናቸው። ልጃቸው ቢኒያም የበረዶ ሆኪ ተጫዋች ነው። በትምህርት ቤት ቡድን ጀምሮ ደመወዝ የሚከፈለው ተጫዋች እስከ መሆን ደርሷል። ቡድኑ ከዋናው ሊግ በታች ስለሚጫወት ብዙ ዓመት በአውቶቡስ ከከተማ ከተማ ሲዞር፣ ከላይ አንድ ቀን ይጠሩኛል እያለ ሲጠብቅ ኖረ።

ችግሩ ጭንቅላቱ ነው። በጨዋታ ላይ ደጋግሞ ከመጋጨቱ የተነሣ ሐኪሞቹ ኮንከሽን የሚሉት ጉዳት ደርሶበታል። ብርሃን ያመዋል፤ የጀመረውን ወሬ ይረሳል። ሐኪሙ ማቆሙ እንደሚሻል መክሮታል፤ ውሳኔው ግን የራሱ ነበር።

«ጋሼ ኃይሉ፣ በሞቴ! ለእኔ እምቢ ብሎኛል። አለቃውን ለምኑልኝ፤ ያሰናብተው» አሉኝ እናቱ።

«እዚህ አገር እኮ ወደ መሥሪያ ቤት ሽማግሌ አይላክም።»

«ለምን? አለቃው እናት የለውም?»

እሺ ብዬ ተነሣሁ።

ወዳጄን አቶ መርሻን ይዤ ሄድሁ። መርሻ የቀድሞ ታክሲ ነጂ ነው፤ ለቀልድም ለሽምግልናም የማይሰንፍ ሰው። እንደ ወጉ በጠዋት ተነሥተን፣ ጥቁር ሙሉ ልብስ ለብሰን፣ ነጠላ ደርበን በእሱ መኪና ከከተማው ዳር ደብሊን በኩል ወዳለው የልምምድ ሜዳ አቀናን።

«በረዶ ላይ በምላጭ የሚሮጥ ሐበሻ!» አለ መርሻ እየነዳ። «እናቲቱን ከልጇ ጋር ነው ወይስ ከበረዶው ጋር የምናስታርቃት?»

አሠልጣኙ በአክብሮት ተቀብሎ ወንበር አቀረበልን። መርሻ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም አለ፤ እኔም ተረጎምሁ። ሰውየው ግራ ገብቶት እሱም ቆመ። የእናትየውን ልመና እስከ መጨረሻው አዳመጠ። ከዚያም ስለ ተጫዋቹ ጤናም ሆነ ውል ከራሱ ከተጫዋቹ በቀር ከማንም ጋር፣ ከእናቱም ጋር ቢሆን፣ ለመነጋገር እንደማይችል በትሕትና ነገረኝ። እኔ ራሴ በቢሮዬ ደጅ ለቆመ ባለ ጉዳይ ሁሉ ስሰጠው የኖርሁት መልስ ነው። ምንም እንከን አላገኘሁበትም። አመስግነን ወጣን።

መውጫው በሜዳው ዳር፣ በረዶውን ከከበበው የመስተዋት አጥር አጠገብ ያልፋል። ተጫዋቾቹ ይለማመዳሉ። ቢኒያም እኛን ሲያይ ባለበት ቆመ። በትሩ ከእጁ ወደቀ። ወደ እኛ ተንሸራቶ መጥቶ የራስ መከላከያውን ሲያወልቅ ፊቱ አመድ መስሎ ነበር።

«ማን ነው?» አለ።

እኔና መርሻ ተያየን።

«እማዬ ናት? ጋሼ፣ ፕሊስ፣ ዝም አትበሉ፤ ንገሩኝ።»

ያን ጊዜ ገባኝ። ልጁ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለ አባቱ ድንገት ሲያርፍ፣ በጠዋት በራቸውን አንኳኩተን መርዶውን ያረዳነው እኔና መርሻ ነበርን። አለባበሳችንም እንዲሁ ነበር።

«የለም! የለም! እናትህ ደህና ናት፤ ማንም አልሞተም!» ብሎ መርሻ ጮኸ። ልጁ ግን በጉልበቱ በረዶው ላይ ወርዶ ነበር። ልምምዱ ቆመ።

ለእናቱ ደውዬ ስልኩን በሜዳው በር በኩል አቀበልሁት።

«እማ?»

«ምነው ልጄ? ቁርስ በላህ?» ሲሉ ድምፃቸው ከእኔም ጆሮ ደረሰ። ስልኩን በሁለት እጁ እንደያዘ አለቀሰ።

ቆይቶ ወጥቶ ከአጠገባችን አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። መርሻ የመጣንበትን ነገረው።

«ኮቼን? ኮቼን ለመናችሁት?» ብሎ እንባው ሳይደርቅ ሣቀ። «ኦ ማይ ጋድ! ከእንግዲህ በቡድኑ ውስጥ መሣቂያ ሆኜ ቀረሁ፤ በስሜ ማን ይጠራኛል?»

«አንተስ ማን ጭንቅላትህን ለግድግዳ ስጥ አለህ?» አለው መርሻ።

ቢኒያም መሬት መሬት እያየ፣ «ጨዋታ ባለኝ ቀን ሁሉ እማዬ እንዲህ ነው የምትሆነው?» ሲል ጠየቀኝ።

«ስልክ በጮኸ ቁጥር» አልሁት።

ተነሥቶ ወደ ልብስ መቀየሪያው ሄደ።

ከሳምንታት በኋላ ሊያቆም ማሰቡን ሰማሁ። ሌሎች ሽማግሌ ሠራ ብለው ሲያመሰግኑን እኔ እንቅልፍ አጣሁ። በሥራ ዘመኔ ደንግጦ የስንብት ጥያቄ ያቀረበን ሠራተኛ አስቦ እንዲመለስ እሰደው ነበር። ስለዚህ ቤቱ ሄጄ ይህንኑ ነገርሁት።

«በእኛ ድንጋጤ የወሰንኸው ከሆነ ተወው፤ ጊዜ ውሰድ። እናትህን እኔ አስረዳለሁ።»

«ድንጋጤው አይደለም፣ ጋሼ» አለኝ። መጋረጃው ተዘግቶ ነበር። «ደክሞኛል። ድሮም ደክሞኝ ነበር። አቁም የሚለኝ ሰው ስለበዛ ነው ያላቆምሁት።»

ያን ድካም አውቀዋለሁ። የቢሮዬን ቁልፍ ያስረከብሁ ዕለት፣ ከምስጋናውና ከጭብጨባው በኋላ፣ ደረጃውን ስወርድ እግሬ ላይ የተሰማኝ እሱ ነው። ቢኒያም ግን ገና ወጣት ነው፤ በእሱ ዕድሜ እኔ ሥራ መጀመሬ ነበር። እናቱን አሁን ሌሊት እንቅልፍ ይወስዳቸዋል፤ በዚህ ደስ ይለኛል። ልጁን እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሳገኘው ትከሻዬን ስሞኝ ያልፋል፤ ስለ ጨዋታ አናነሣም። ትክክል ሠርተን እንደሆነ ዛሬም አላውቅም። ለሌላ ሽምግልና ሲጠሩኝም አሁን አሁን ጉልበቴን አሞኛል እላለሁ።

ቤቱ ከሄድሁ ከጥቂት ቀናት በኋላ ቡድኑ ቢኒያም በሐኪም ምክርና በገዛ ፈቃዱ ከጨዋታ መሰናበቱን በይፋ አስታወቀ። ዕለቱ ኅዳር ሚካኤል ነበር።