ፊት ያጣው ጭራቅ

የሠፈሩ ሰው «እትዬ መቀስ» ይላታል። ከቦርሳዋ መቀስ አይጠፋም፤ ፀጉር ቤት ተራ ስትጠብቅ እንኳ አስፈቅዳ ከመጽሔቱ ላይ አንድ አፍ ወይም አንድ ጥንድ ዓይን ቆርጣ ትወጣለች። ቁርጥራጮቹን ሸራ ላይ እየለጣጠፈች ጭራቅ ትሠራለች፤ ቁመቱ ጣሪያ የሚነካ፣ ጥርሱ ከጥርስ ሳሙና ማስታወቂያ፣ ምላሱ ከዜና አንባቢዎች የተለቃቀመ። እህቷ እሷ ቤት ማደር ካቆመች ቆይታለች። እነዚህ ሁሉ እያፈጠጡብኝ እንቅልፍ አይወስደኝም ባይ ናት።

ይህን ሥራ የጀመረችው አርባን ካለፈች በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ጋዜጣ ቤት ፎቶ አስተካካይ ነበረች። የባለሥልጣኑን የግንባር መስመር ታጠፋለች፣ የሙሽራዋን ብጉር ትሸፍናለች። አንድ ቀን ጠዋት አዘጋጁ ሕፃን ጠልፏል ተብሎ የተያዘ የዳቦ መኪና ሾፌር ፎቶ ይዞ መጣ። ሰውየው ፈገግ ሊል ትንሽ የቀረው ይመስላል። አዘጋጁ በዚህ ፊት ጋዜጣ አይሸጥም አላት። እሷም ዓይኑ ሥር ጥላ ጨመረች፣ ጉንጩን አጎደጎደች፣ የከንፈሩን ጫፍ ወደ ታች ሳበች። ሃያ ደቂቃ አልፈጀባትም። በማግስቱ «ጭራቁ» ከሚል ርእስ ጋር የፊት ገጹን ሞልቶ ወጣ፤ ቴሌቪዥኖቹም ያንኑ ተቀባበሉት።

በሦስተኛው ሳምንት ሕፃኑ አክስቱ ቤት ተገኘ። ሾፌሩ ተፈታ፤ ጋዜጣውም በውስጥ ገጽ አራት መስመር ማረሚያ አወጣ። እሷ ወዲያው ሥራ ለቀቀች እንዳይባል፣ ስድስት ዓመት ቆይታለች። ብቻ እጇ እየሰነፈ ሄደ። ሠራተኛ ይቀነስ ሲባል እኔን አስወጡኝ ብላ ቀድማ የተነሳችው እሷ ናት።

ለመጀመሪያው ትልቅ ዐውደ ርእይዋ ስትዘጋጅ ከሁሉም የሚገዝፈው ጭራቅ ፊት አልነበረውም። የሾፌሩን ያልተነካካ ፎቶ ልትለጥፍበት አሰበች፤ ሳታስፈቅደው ግን አልሆነላትም። አጠያይቃ የሚሠራበት ዳቦ ቤት ድረስ ሄደች። መሪ ከጨበጠ ዓመታት አልፈዋል፤ ደንበኛ እንዳያየው ጓዳ ገብቶ ሊጥ ያቦካል። አንዱንም ሳትደብቅ ነገረችው። እጁን ከሊጡ ሳያወጣ አዳመጣት።

«ያሳመርሽኝ አንቺ ነሽ በይኛ» አላት።

«አዎ፣ እኔ ነኝ። አሁን ግን እውነተኛውን ፊትዎን ላሳይ ብዬ ነው።»

«ጭራቅ ላይ ከለጠፍሽው፣ ያየ ሁሉ ያው ጭራቅ ነው የሚለኝ። የሠራው ሰው የራሱን ፊት ያውጣ።»

ተናዳ ተመለሰች። ሁለት ቀን መቀስ አልነካችም። በሦስተኛው ቀን ፎቶ ቤት ሄዳ ተነሳች፤ የዓይኗን ሥር እብጠትም፣ አገጯ ላይ ያለውን ጠባሳም ሳትነካ አሳድጋ ለጠፈችው።

በመክፈቻው ዕለት ሰውየው ሸሚዙን ተኩሶ ከሚስቱ ጋር መጣ። ጭራቁ ፊት ብዙ ቆመ። ሚስቱ ይህ ፊት የማን ነው ስትለው በአገጩ ወደ ሠዓሊዋ ጠቆማት። በአጠገባቸው የነበሩት ሁሉ ዞረው አዩዋት፤ አንዲት ሴትዮ ልጇን ወደ ራሷ ሳብ አደረገች። እትዬ መቀስ መሬት መሬት አየች።

ይቅር ብዬሻለሁ አላላትም፤ እሷም አልጠየቀችውም። ሲወጣ ግን በር አጠገብ ያለውን የጎብኚዎች መዝገብ ገልጦ፣ ሙሉ ስሙን ከነአያቱ በትልልቅ ፊደል ጻፈ። ከሥሩም «ዳቦ ጋጋሪ» ብሎ ጨመረበት።