ጌጁ ሙሉ ይላል

ሊይዙኝ ሲመጡ ከመኪና ስር ተኝቼ ነበር። አንዱ በጫማው ጫፍ እግሬን መታ መታ አድርጎ «አንተ፣ ውጣ!» አለኝ። በጀርባዬ እየተንፏቀቅሁ ወጣሁ። ዩኒፎርም የለበሱ ሁለት ሰዎች ቁልቁል አዩኝ።

«ሴት ናት እንዴ?» አለ አንደኛው።

«አዎ፣ አምጧት የተባልነው እሷን ነው» አለ ሌላው።

አጎቴ ከጓዳ ሮጦ ወጥቶ ሊያናግራቸው ሞከረ። ከስድስተኛ ክፍል አቋርጬ ጊንጆ ሰፈር ያለው የአጎቴ ጋራዥ ከገባሁ ጀምሮ ሥራው የእኔ፣ ንግግሩ የእሱ ነበር። የመኪናውን በሽታ ለአጎቴ በጆሮው እነግረዋለሁ፤ እሱ ለባለመኪናው ጮክ ብሎ ይናገራል። ያን ቀን እጄን እንኳ ሳልታጠብ ወሰዱኝ።

ጥፋቴን የሰማሁት ጣቢያ ከደረስኩ በኋላ ነው። ከሦስት ቀን በፊት የአንድ መሥሪያ ቤት ፒካፕ መጥቶ የናፍጣ ፊልትሮ ቀይሬለት ነበር። በማግስቱ ያ ፒካፕ ባለሥልጣንና የጸጥታ ሰዎች ጭኖ ወደ ደዶ ሲሄድ መንገድ ላይ ሞተሩ ጠፋ። በዚያ ሳምንት በአካባቢው ተቃውሞ ነበር። መኪናው የቆመው ድንጋይ በተደረደረበት፣ ወጣቶች በሚጮኹበት ቦታ ላይ ነው። ሰው አልተጎዳም፤ ባለሥልጣኑ ግን ብዙ መንገድ በእግሩ ተመለሰ። ስለዚህ እኔ «ከጸረ ሰላም ኃይሎች ጋር ተመሳጥራ መኪና ያበላሸች» ተባልኩ። ጡረታ ሊወጡ ጥቂት የቀራቸው የፒካፑ ሾፌር ከእኔ ቀድመው ታስረዋል።

የሴቶቹ ክፍል ድሮ የቡና መጋዘን ነበር። ግድግዳው አሁንም ጀንፈል ጀንፈል ይሸታል። ከላይ ሽቦ የተወጠረባት አንዲት መስኮት አለች። ውስጥ ያገኘኋቸው አንዲት እናት ብቻ ናቸው። መንደራ ቆጪ ሰፈር በርበሬ ይሸጣሉ፤ ልጃቸው ተፈልጎ ሲታጣ በእሱ ፋንታ እሳቸውን አመጧቸው። በኦሮምኛ እናቴ ለማለት አዴ እላቸው ነበር። የተኙበትን ጨርቅ ዘርግተው ግማሹን ለእኔ ለቀቁልኝ።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ምን አድርገሽ ነው?»

«ፊልትሮ ቀይሬ።»

«ፊልትሮ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ናፍጣ የሚያጣራ።»

«ያ አላህ! ማጣራትም ወንጀል ሆነ?» ብለው እስኪያስላቸው ሳቁ።

በአራተኛው ቀን ጠዋት መርማሪው አስጠርቶ ወረቀት አስቀመጠልኝ። «ሾፌሩ አዞኝ ነው ያበላሸሁት በይና ፈርሚ። ዛሬ ቤትሽ ታድሪያለሽ። ካልሆነ ነገ ሁለታችሁም ወደ ማረሚያ ቤት ነው።»

ጥፍሬ ውስጥ የቀረውን ግሪስ እያየሁ ቆየሁ። አልፈርምም ማለት አቃተኝ። እፈርማለሁ ማለትም አቃተኝ። «ላስብበት» አልኩ፤ ድምፄ ለራሴም አልተሰማኝም። እስከ ማታ ጊዜ ሰጠኝ።

ወደ ክፍሉ ስመለስ ከግቢው የስታርተር ድምፅ ሰማሁ። ባልዲ ገልብጬ ቆምኩና በመስኮቷ አየሁ። ያ ፒካፕ ተጎትቶ መጥቷል። የጣቢያው መካኒክ ቁልፉን ደጋግሞ ያዞራል። ስታርተሩ ጤነኛ ነው፤ ሞተሩን በደንብ ያዞረዋል። ሞተሩ ግን አንዴ እንኳ አልሳለም፤ ከጭስ ማውጫውም ምንም አይወጣም። እንዲህ ከሆነ ናፍጣ እየደረሰ አይደለም ማለት ነው። መካኒኩ ግን አጠገቡ ለቆመው መርማሪ ዳሽቦርዱን እየጠቆመ «ይኸው፣ ጌጁ ሙሉ ይላል! ናፍጣ ሞልቶ አልነሳም ካለ ፖምፓውን አቃጥላዋለች» አለው።

ያኔ ገባኝ። ያ ፒካፕ ናፍጣ የሚጠራቀምበት ሁለት ሰልባትዮ አለው፤ አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ። ከአንዱ ወደ ሌላው የምታዛውር ትንሽ ቁልፍ ዳሽቦርዱ ላይ አለች። እኛ አገር ሾፌሮች አንድ ልማድ አላቸው፦ አለቃ ገብቶ «ናፍጣ አለ?» ሲል ቁልፏን ተጭነው ሙሉውን ያሳዩታል። አለቃ የወረደ ጌጅ ማየት አይወድም። የጌጁን መርፌ ቁልፏ ወዲያው ታዞረዋለች። ናፍጣውን የሚያዞረው ግን ከመኪናው ስር ያለ ቫልቭ ነው፤ ጭቃ ከያዘው ንቅንቅ አይልም። ስለዚህ መርፌው የሞላውን ሰልባትዮ እያሳየ ሞተሩ ከባዶው ይጠጣል።

«አዴ፣ አወቅሁት» አልኩ በሹክሹክታ።

«ለእኔ ምን ታንሾካሹኪያለሽ? እኔ መኪና የለኝ! ለእነሱ ንገሪያቸው እንጂ።»

«አፍራለሁ።»

«እፈሪያ! እያፈርሽ ተናገሪ። ማን ከለከለሽ?»

አፌን ሽቦው ላይ አስጠጋሁ። የመጀመሪያው ጥሪ ከጉሮሮዬ አልወጣም። ሁለተኛውን ንፋስ ወሰደው። በሦስተኛው «ፖምፓው አልተቃጠለም!» ብዬ ጮኽኩ። በድምፄ እኔው ራሴ ደነገጥኩ።

መካኒኩ ቀና ብሎ አየኝና ሳቀ። «እዚያ ሆነሽ በምን አወቅሽ? በጠረኑ?»

«በጭሱ።»

«ጭስ የለውም እኮ!»

«እሱን ነው የምለው።»

ጥበቃዎቹ በሳቅ ፈረሱ። ሳቁን ሰምቶ የጣቢያው አዛዥ ከቢሮው ወጣ፤ ነገሩን ጠየቀ፤ ወደ መስኮቷ ለአፍታ ተመለከተና «አውጧት እስቲ» አለ።

ሾፌሩም እንዲመጡ ለመንኩ። ከስተው፣ ጢማቸው አድጎ መጡ። አስቀድሜ የፊተኛውን ሰልባትዮ በጡጫዬ መታሁት፤ እንደ ባዶ በርሜል ጮኸ። የኋለኛውን መታሁት፤ ድፍን ነው። ለማንም ማስረዳት አላስፈለገኝም።

«ጋሼ፣ የደዶ ዕለት ቁልፏን ነክተዋት ነበር?»

አንገታቸውን ደፉ። «አለቃ ሲገቡ ሙሉውን ላሳያቸው ብዬ ተጫንኳት፣ ልጄ።»

«ከዚያ በፊትስ?»

«ከፊተኛው ነበር የምነዳው።»

ከመኪናው ስር ገባሁ። እዚያ ስገባ እፍረቴ ለቀቀኝ። ጣቴን ቫልቩ ላይ አድርጌ «ጋሼ፣ ይጫኗት» አልኩ። ጤነኛ ቫልቭ ከጣት ስር ቀጭ ይላል። ይሄ ዝም አለ። ደግመው ተጫኑ፤ ዝም። መካኒኩን ጠራሁት። ንጹሕ ቱታውን እያየ ትንሽ አመነታና አጠገቤ ተንጋለለ። ጣቱን አስያዝኩት። ሾፌሩ ሦስት ጊዜ ተጫኑ።

«አይንቀሳቀስም» አለ ቀስ ብሎ።

«ጮክ ብለው ይንገሯቸው» አልኩት።

«ቫልቩ አይሠራም!» ሲል ግቢው ሁሉ ሰማ።

የኋለኛውን ሰልባትዮ ቱቦ ከቫልቩ ነቅዬ ወደ ፊልትሮ ከሚሄደው መስመር ጋር በቀጥታ አገናኘሁት። ከዚያ ኮፈኑን ከፍቼ ፊልትሮው ላይ ያለችውን የእጅ ፖምፓ መጫን ጀመርኩ። መጀመሪያ ላይ ለስላሳ ነበረች፤ አየር ብቻ። ቀጥሎ አረፋ መጣ። ክንዴ ሲዝል ከመዳፌ ስር ጠነከረች።

«ጋሼ፣ ይሞክሯት።»

ሞተሩ ዞረ፤ ሳለ፤ ነጭ ጭስ ተፋና ጠፋ። ሾፌሩ እንደገና አዞሩት። ያዘ! ግቢው በጭስ ተሞላ። ከወንዶቹ ክፍል በሩን እየደበደቡ ጮኹ። ከሽቦው ጀርባ የአዴ እልልታ ለብቻው ረጅም ሆኖ ወጣ። ሾፌሩ መሪውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ያለቅሱ ነበር።

«ታዲያ ማነው ያበላሸው?» አለ አዛዡ።

«ማንም። ጭቃ ነው።»

«ጭቃውን እንሰረው?» አለ አንዱ ጥበቃ፤ አዛዡም ሳቁን መያዝ አቃተው።

ቢሮ ስንገባ መርማሪው ሌላ ወረቀት አዘጋጅቶ ጠበቀኝ። «ፈርሚና ሂጂ።» እኔ በልቤ ማንበብ አልችልም፤ ጣቴን ከፊደሉ ስር እየጎተትኩ ጮክ ብዬ ነው የማነበው። «በጥፋቷ ተጸጽታ መኪናውን ስለጠገነች» ከሚለው ስደርስ ቆምኩ። ጣቴ የቆመበት ላይ የናፍጣ ምልክት ቀረ።

«ጥፋት የለብኝም። ይሄን አልፈርምም።»

«ደግሞ ይሄ ምንድን ነው? በሩ ተከፍቶልሽ!»

«ባዶ ወረቀት ይስጡኝ።»

አዛዡ በሩ ላይ ቆሟል። ውጭ ሞተሩ እንደተነሳ ነው። «ስጣት» አለ። ቁጭ ብዬ ጻፍኩ፦ «ፒካፑን አላበላሸሁም። ሾፌሩም አላዘዙኝም። ቫልቩን ጭቃ ይዞት ነበር።» ብዙ ጊዜ ፈጀብኝ፤ ማንም አላጣደፈኝም። ፈረምኩ። ሾፌሩም ከስሜ ስር ፈረሙ። ከሰዓት በኋላ ሁለታችንም በዋናው በር ወጣን። አዴ የወጡት ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው፤ እስከዚያ ቀን ድረስ ምሳቸውን እኔ ነበርኩ የማደርሰው።

አሁን ከአጋሮም ከደዶም ባለ ሁለት ሰልባትዮ መኪና ይመጣልኛል። ደንበኛ የማናግረው ራሴ ነኝ። ዛሬም እንግዳ ሰው ሲያየኝ ጆሮዬ ይግላል፤ እየጋለ እናገራለሁ። አንዳንዴ ስለዚያ ወረቀት አስባለሁ። ካልጣሉት እዚያው መዝገብ ውስጥ ይኖራል። የፊደል ስህተት አይጠፋበትም። የነገር ስህተት ግን የለበትም።