እህተማርያም እሺ እስክትል

እህተማርያምን ማብላት ልፋት ነው። «ቁርስ ብዪ» ሲሏት፣ ሆዷ እየጮኸ «አሁን በልቼ ነው የመጣሁት» ትላለች። ሁለተኛም እምቢ ትላለች። በሦስተኛው፣ ጋባዧ ከልቡ መሆኑን ስታረጋግጥ፣ እየተሽኮረመመች ትጎርሳለች። እናቷ እንዲህ አሳደጓት፤ አሥራ አንድ ዓመት ሚኒሶታ ኖራም ይሉኝታዋ ንቅንቅ አላለም።

እንግዲህ ይህችን ሴት ነው ባልደረቦቿ ከአለቃ ጋር እንድትደራደርላቸው የመረጧት! ሚኒያፖሊስ አጠገብ ክሪስታል በምትባል ከተማ፣ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ረዳት ነርስ ናት። ሠራተኞቹ የሠራተኛ ማኅበር፣ እዚያ እንደሚሉት ዩኒየን፣ ካቋቋሙ ገና ዓመታቸው ነው፤ ጥያቄያቸውም በየሁለት ሳምንቱ አንድ ቅዳሜና እሁድ ማረፍ ነው። እህተማርያም ደግሞ የራሷ ጉዳይ አለባት። ልጇ ሊና ሰንበት ትምህርት ቤት መዘመር ከጀመረች ሁለት ዓመት ሞላት፤ እናት ግን እሁድ እሁድ ሥራ ስለምትገባ በስልክ ቪዲዮ እንጂ በዓይኗ አይታት አታውቅም። ይህ ያንገበግባታል።

በድርድሩ ቀን የዩኒየኑ ተወካይ፣ ከዘጠና ዓመት በፊት የጭነት መኪና ሾፌሮች አድማ መትተው ሚኒያፖሊስን ቀጥ እንዳደረጓት እያወራ ሊያበረታታቸው ሞከረ። እሷ ይባስ ፈራች።

«እኔ ደግሞ ማንን ቀጥ ላደርግ ነው?» አለችው ከጎኗ የተቀመጠውን ዘይኑዲንን። ዘይኑዲን የወሎ ሰው ነው፤ ወጥ ቤት ውስጥ ይሠራል።

ሥራ አስኪያጁ ከጠበቃው ጋር ገባና ዶናት አቀረበላት። «ኖ፣ ኖ፣ ቴንክ ዩ» አለች። ቀጥሎ ወረቀቱን ገለጠና የጠየቁትን የእረፍት ቀን ሊሰጣቸው መስማማቱን ነገራት።

የሊና ድምፅ ጆሮዋ ላይ አቃጨለ። ልቧ በደስታ ሲዘል፣ አፏ ግን በለመደው መንገድ ሄደ።

«ኖ፣ ኖ፣ ቴንክ ዩ!»

ያለችው ሲገባት መሬት ተከፍታ ብትውጣት ወደደች። ከእፍረቷ ብዛት አንገቷን ደፍታ ዝም አለች። ሥራ አስኪያጁ ዝምታዋን አይቶ ቆራጥ ሴት መሰለችው፤ ከጠበቃው ጋር ወጥቶ ሲንሾካሾክ ቆየና ተመለሰ።

«በቃ፣ የሥራ ፕሮግራማችሁንም ከአንድ ወር በፊት እናሳውቃችኋለን» አለ።

እህተማርያም ለሁለተኛው እምቢታ አፏን ስትከፍት ዘይኑዲን ከጠረጴዛው ሥር እግሯን ረገጣት።

«በማርያምሽ ይዤሻለሁ፣ ማዕድ እኮ አይደለም! እሺ በይው!»

«እሺ» አለች፤ ደንግጣ ያውም በአማርኛ። ቀጥላ «የስ፣ የስ!» አለችና ፈረሙ።

ባልደረቦቿ እስከ ዛሬ «እሷ እኮ ብረት ናት» ይላሉ። እውነቱን የሚያውቀው ዘይኑዲን ብቻ ነው፤ ሲያገኛት በሳቅ ይሞታል።

በመጀመሪያው የእረፍት እሁዷ ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ከፊት ተቀምጣ ሊናን ሰማቻት፤ እስኪበቃት አለቀሰች። ከመዝሙሩ በኋላ ሊና በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ሳህን ሙሉ ምግብ ይዛላት መጣች።

«ማሚ፣ አር ዩ ሃንግሪ?»

«አዎ፣ በጣም ርቦኛል» አለችና ተቀበለቻት። ሁለቴ ሦስቴ ልትለምናት ተዘጋጅታ የነበረችው ሊና አፏን ከፍታ ቀረች።