በአሪቻው ቀፎ ሥር ያንዣበቡት

ዲላ፣ ንጋት

ጣሊያን መንገዱን ካበጀ ወዲህ እግሬ ሰንፏል። ሱቄ ውስጥ ጨውና አቡጀዲ እየቸረቸርኩ ተቀምጬ ሳለ የአሪቻው ወዳጄ አቶ ጅግሶ «አዲሱ ቀፎዬ ንብ ሊገባበት ነው፣ መጥተህ እይልኝ» ብሎ ላከብኝ። ወፍ ሲንጫጫ ካሚዮን ላይ ተሰቀልኩ። የኬላው ዘበኛ የይለፍ ወረቀቴን ዘቅዝቆ ይዞ በጥሞና አነበበና «እለፍ» አለኝ።

ይርጋጨፌ፣ ረፋድ

ከወናጎ ወዲህ ጭቃ ነው። ጎማው በተያዘ ቁጥር ሹፌሩ «ውረዱ!» ይላል፤ ወርደን እንገፋለን። ከፍዬ ገፋሁ እኮ! ከይርጋጨፌ በኋላ በእንሰትና በቡናው መሃል በእግሬ።

አሪቻ፣ ቀትር

አቶ ጅግሶ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ ተቀበለኝ። ዓይኑ ደክሟል፤ እሱ ግን አያምንም። እንደ አባቱ ደንብ አጥኖ ዛፍ ላይ ከሰቀለው ቀፎ ሥር፣ ገላጣው አፈር ላይ፣ ጠጉራም ቢጫ ነገሮች ያንዣብባሉ።

«ቃኚዎቹ ናቸው» አለኝ በሹክሹክታ። «መንጋው ከኋላ ይመጣል።»

ሚስቱ ወይዘሮ ብርቄ ከጓዳ ብቅ አለች። «እሱ ንብ ይጠብቅ። እኔ የቦሎቄ ዘሬን ዘፍዝፌ ጥጄዋለሁ፤ ለምሳ ይበሉታል። አምና ፌንጣ አንድ ቅጠል አላስቀረልኝም፤ እንቁላሉንም እዚያው ቀፎው ሥር አፈር ውስጥ ቀብሮ ነው የሄደው። ለፌንጣ አልዘራም!»

ያላት ዘር ያው ብቻ ነው። አንጀቴን በላችው።

ጎንበስ ብዬ አየሁ። አንዷ እንደ መርፌ የረዘመ አፏን ዳር ካለ አበባ ውስጥ ሰክታ ትመጥጣለች፤ ጠጉሯ የአበባውን ዱቄት እንደለበሰ ወደ ሌላው አበባ ትሄዳለች። ሌሎቹ ሳያርፉ፣ እንቁላል እንደሚጥል ሁሉ፣ ጭራቸውን ወደ አፈሩ ወርወር ያደርጋሉ። ክንፋቸው ሁለት ብቻ፤ የንብ ግን አራት ነው!

«ጅግሶ ወዳጄ፣ ይሄ ዝንብ ነው።»

«ዝንብ? የኔ ቀፎ ሥር?» ጀርባውን ሰጠኝ።

ወይዘሮ ብርቄ ሳቋ አመለጣት። መቆፈሪያዋን አምጥታ አፈሩን ገለበጠችው። የፌንጣ እንቁላል ከረጢቶች ወጡ፤ ስንከፍታቸው እንቁላሉ የለም፣ በቦታው ነጭ ወፍራም ትል ተጋድሟል። ከአጠገቡ ጓል ደግሞ ክንፏ ገና ያልተዘረጋ ጠጉራም ዝንብ ቅርፊቷን ቀድዳ እየዳኸች ወጣች።

«እንቁላሉን የጨረሰው የዚች ልጅ ነው!» አለች ወይዘሮ ብርቄ። «ጠላቴን ከበላ፣ ንብ ይሁን ዝንብ ይሁን ምን ገዶኝ!»

አፈሩን ቀስ ብላ መልሳ አለበሰችውና ወደ ጓዳ ሮጠች። ድስቱን ከእሳት አወረደችው። ውሃው ገና ለብ እንኳ አላለም።

አቶ ጅግሶ ኩርፊያውን ትቶ የቦሎቄ ማሳዋን ቆፈረ፣ እኔ ዘሩን ጣልኩ፣ እሷ አለበሰች።

«ንቡስ?» አልኩት።

«ይመጣል» አለ፣ ወደ ዛፉ አንጋጦ።

ዲላ፣ ምሽት

ምሳችን ቆጮ በጎመን ሆነ፤ ጎመኑም ለሦስት አልበቃም። በመንገዱ ሁሉ ሆዴ ሲጮህ ዋለ። እንዲህ ደስ ብሎኝ ተርቤ አላውቅም።