የጉማራ ጭቃ

ዶክተር እናትዓለም ጠዋት ፊታቸውን እንደታጠቡ የጨረር መቁጠሪያቸውን ባዶ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ይከፍቱታል። ምንም በሌለበትም ጠቅ፣ ጠቅ ይላል። የባዶውን ልክ ሳያውቅ ሌላ የሚለካ ሰው ራሱን ያታልላል። ጡረታ ከወጡ ወዲህም ፋሲሎ ሰፈር ባለው ቤታቸው ይህን ልማድ አልተዉም።

በባሕር ዳር ኮሌጅ የኑክሌር ፊዚክስን መጀመሪያ ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። በወጣትነታቸው በጀልባ እየወጡ፣ የጉማራ ወንዝ ጣና በሚገባበት ቦታ ረጃጅም ቧንቧ ወደ ሐይቁ ወለል እየሰደዱ፣ ጭቃውን እንደተነባበረ አወጡ። በሃምሳዎቹ ዓመታት በሩቅ አገር የተሞከሩ የአቶም ቦምቦች ብናኝ ከዝናብ ጋር እዚህም ወርዶ ነበርና ከጭቃው አንዱ ንብርብር ላይ ጨረሩ ከፍ ይላል። ከዚያ በላይ ያለው ሁሉ ከዚያ ወዲህ የመጣ ደለል ነው። ሐይቁ ከተገመተው ፈጥኖ እየተሞላ ነው ብለው ጻፉ። መሣሪያሽ ደካማ ነው ተባሉ። የተሻለ መሣሪያ ሲመጣ ጭቃው ይመስክር ብለው ቧንቧዎቹን ከነጭቃቸው አሽገው በኮሌጁ ዕቃ ቤት አኖሩ። ውጭ አገር የተሰጣቸውን ሥራ ትተው ጠበቁ።

መሣሪያው ዘንድሮ መጣ። የሚቀመጥበት ቤተ ሙከራም በስማቸው እንዲጠራ ተወሰነ። የቀድሞ ተማሪያቸው ብሩክ፣ አሁን የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ፣ ከምረቃው በፊት ሊያስጎበኛቸው ጠራቸው።

ግድግዳው አዲስ ቀለም ተቀብቷል። በሩ ላይ ስማቸው በነሐስ ተጽፏል።

"ቧንቧዎቼስ?" አሉ።

"የቱ ቧንቧ፣ ዶክተር?"

"ዕቃ ቤቱ ውስጥ የተውሁት።"

ብሩክ ሳቅ አለ። "ዕቃ ቤቱ እኮ ነው ቤተ ሙከራ የሆነው! ለእርስዎ ስንል ጥርግ አድርገን አጸዳነው። ጭቃውም አልባከነም፤ የሐይቅ አፈር ለአበባ መድኃኒት ነው። ይዩት፣ ደጁ ላይ ጽጌረዳ ተክለንበታል።"

እናትዓለም ወደ መደቡ ጎንበስ አሉ። አፈሩ በአካፋ ተገለባብጦ ከፍግ ጋር ተደባልቋል።

"አልጠፋም እኮ፤" አለ ብሩክ። " ከዚሁ ዘግነን እንለካለን።"

"አንተ ልጅ፣ መጽሐፍ ፈጭተህ ዱቄቱን በጆንያ ብትሰጠኝ ያንብቡት ትለኛለህ?"

"ሌላ እናወጣለና! ጀልባ እንደሆነ ሞልቷል።"

"ከየት? እምቦጭ ሊያወጣ የገባው ማሽን ወለሉን እንደ ገንፎ አማስሎታል። ሄደህ አይተሃል?"

ብሩክ ሄዶ አላየም። ሰዓቱን አየ። "እንግዲህ አይቀየሙን። ቅዳሜ አምረው ይምጡ፤ ሪባኑን የሚቆርጡት እርስዎ ነዎት።"

"ስሜን ከበሩ ላይ ንቀልልኝ።"

"በሲሚንቶ ተለስኗል እኮ፣ ዶክተር።"

ቅዳሜ ሪባኑን ብሩክ ቆረጠው። አዲሱን መሣሪያ ምንም ሳያስቀምጡበት ከፈቱት፤ መቁጠር ሲጀምር እንግዶቹ አጨበጨቡ።